የድሮ ድምፅ ያለው ሀምበከር አመራረጥ፦ ከደብረ ብርሃን ለጊታር ተጫዋቾች

ደብረ ሲና አንድ ሰርግ ላይ ነበርን። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ባንዳችን ትንሽ ናት፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ መሲንቆና የእኔ ጊታር። በዚያው ሳምንት ጊታሬ ላይ አዲስ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ፣ አስገብቼ ነበር። የሸጠልኝ ሰው «ኃይለኛ ነው» ብሎኛል። በቴስተር ስለካው 16 ኪሎ ኦም (የሽቦው ኤሌክትሪክን የመቃወም ልክ) አነበበ። ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁም የሚበልጥ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አምባሰል ስንጀምር ጊታሬ መሲንቆውን ዋጠው። ቮሉም ስቀንስ ድምፁ ይደበዝዛል። ስጨምር ሁሉንም ይሸፍናል። መሲንቆ ተጫዋቻችን በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጊታርህ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲህ በጊታሬ ላይ ያለው ኃይሉ ዝቅ ያለ፣ የድሮውን አሠራር የሚከተል ሀምበከር፣ ማለትም ባለ ሁለት የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ ነው። ለጓደኞቼም ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ድረስ መርጬ ገጥሜያለሁ። ሁልጊዜ የምጠየቀው «ስንት ኪሎ ኦም ልግዛ?» የሚለውን ነው። እኔ ግን ከሌላ ቦታ እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ።

1. መጀመሪያ ያለውን ፒክአፕ ፈትሹ

ገንዘባችሁን አስቀምጡና ካቻቢቴ አንሡ። «ፒክአፑ አይረባም» ተብሎ ከመጣልኝ ጊታር ብዙው ፒክአፑ ደህና ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አዲስ ክር አድርጉ። በዛገ ክር ላይ የትኛውም ፒክአፕ ደብዛዛ ነው።

ቀጥሎ ቁመቱን አስተካክሉ። የመጨረሻውን ፍሬት ላይ ክሩን ተጫኑ። ከክሩ ሥር እስከ ፒክአፑ ብሎን አናት ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። በብሪጅ (ክሩ ከታች በሚያርፍበት) በኩል 1.6 ሚሊ ሜትር፣ በአንገት በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ርካሽ ጊታሮች ላይ ፒክአፑ ክሩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ታገኙታላችሁ። በጣም ሲቀርብ ድምፁ ይወፍራል፤ ጥራቱን ግን ያጣል። ከግራና ከቀኝ ያሉትን ብሎኖች በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር እየፈታችሁ ዝቅ አድርጉና አዳምጡ። አንድ ሳምንት እንደዚያው ተጫወቱበት። ችግሩ በዚሁ የሚፈታበት ጊዜ አለ። ከተፈታ እሰየው፤ ምንም አላወጣችሁም።

ካልተፈታ የጊታሩን የኋላ ክዳን ክፈቱና የቮሉሙን ፖት (ከቁልፉ ሥር ያለውን የሚዞር ተቃዋሚ) እዩ። ሀምበከር የሚስማማው 500 ኪሎ ኦም ፖት ነው። 250 ከተገጠመበት ቀጭኑ ድምፅ ወደ መሬት ይፈስና ጊታሩ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይመስላል። ጀርባው ላይ A500K ወይም B500K ዓይነት ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ጽሑፉን ብቻ ግን አትመኑ፣ ለኩት። ፒክአፑ ተያይዞ ሳለ የሚነበበው ቁጥር ስለሚያሳስት አንዱን ሽቦ ነቅላችሁ ሁለቱን የዳር እግሮች ለኩ። ከ450 እስከ 550 ከሆነ ደህና ነው። ፖት ከፒክአፕ በብዙ ይረክሳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም የሚጎድል ነገር ካለ፣ የጎደለውን በራሳችሁ ቃል ወረቀት ላይ ጻፉት። «ወፍራሙ ክር ይደፈናል»፣ «ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል»፣ «ቮሉም ስቀንስ ይሞታል» ብላችሁ። ይህች ወረቀት ኋላ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ትረዳችኋለች።

2. «የድሮ» ሲባል የቱ ነው?

ከሀምበከር በፊት የነበረው ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል ፒክአፕ ነው። ጥቅሉ የክሩን ድምፅ እንደሚይዝ ሁሉ ከመብራት መስመር የሚመጣውን እምምታም ይይዛል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፤ እኛ ዘንድ 50። ፍሎረሰንት በተሰቀለበት አዳራሽ ባለ አንድ ጥቅል ጊታር ይዞ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

በጊብሰን የጊታር ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 መፍትሔ አመጣ። ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። የአንዱን አጠቃላል ከሌላው ተቃራኒ አደረገው፤ የማግኔቱንም ዋልታ እንዲሁ። እምምታው ሁለቱ ላይ በተቃራኒ ስለሚገባ ይጣፋል። የክሩ ድምፅ ግን ማግኔቱም ስለተገለበጠ ይደመራል። «ሀም» እምምታው ነው፤ «በከር» የሚቃወመው። ስሙ ሥራውን ነው የሚናገረው። በዚያው ዘመን ሬይ ባትስ የሚባል ሰው ለግሬች ኩባንያ የራሱን ባለ ሁለት ጥቅል ሠርቷል። ላቨር ብቻውን አልነበረም።

ፒክአፑ ሌስ ፖል ጊታር ላይ የወጣው በ1957 ነው። የባለቤትነት ማረጋገጫው ግን የተሰጠው በሐምሌ 1959 ነው። እስከዚያና ከዚያም በኋላ እስከ 1962 ገደማ ከፒክአፑ ሥር «ፓተንት አፕላይድ ፎር» የሚል ትንሽ ወረቀት ይለጠፍ ነበር፤ ማመልከቻ ገብቷል እንደማለት ነው። ጊታሪስቶች በምህጻር «ፓፍ» የሚሉት ይህን ነው። ወረቀቱ ሲቀየርም የተጻፈበት ቁጥር የፒክአፑ ሳይሆን የሌላ ዕቃ፣ የሌስ ፖል የክር ማሰሪያ ቁጥር ነበር።

ፓፉ ውስጥ ምን አለ? ከፀጉር የቀጠነ፣ 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ 42 ቁጥር የመዳብ ሽቦ አለ። በእያንዳንዱ ጥቅል 5,000 ዙር ገደማ ይጠመጠማል። ማግኔቱ አልኒኮ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ካሉት ዓይነቶች እጅ ላይ የተገኘው ይገባ ነበር። በቴስተር ሲለካ አብዛኛው ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያነባል። አጠቃላሉም ማግኔቱም ወጥ ስላልነበረ አንዱ ፓፍ ከሌላው ይለያል። የአንዱ ጥቅል ዙር ከሌላኛው የበለጠበትም አለ። እንዲህ ሲሆን እምምታው ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ላይኛው ድምፅ ግን ይከፈታል።

ስለዚህ «ትክክለኛው የፓፍ ድምፅ ይህ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ካለ አትቸኩሉ። ፓፍ አንድ ድምፅ ኖሮት አያውቅም። እናንተም ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ለእናንተ የሚሆነውን ነው የምትፈልጉት።

3. የኪሎ ኦሙን ቁጥር በልኩ እመኑት

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ቴስተሩ የሚያሳያችሁ ሽቦው ምን ያህል ኤሌክትሪክን እንደሚቃወም ነው። የድምፅ መጠን አይደለም፤ ውበትም አይደለም። ሽቦው ሲረዝም ቁጥሩ ይጨምራል። ሽቦው ሲቀጥንም ይጨምራል። በ43 ቁጥር ሽቦ (ከ42ቱ ይቀጥናል) የተጠቀለለ ፒክአፕ ዙሩ ሳይበዛ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፒክአፖችን በቁጥር የምታወዳድሩት ሽቦአቸው አንድ ዓይነት መሆኑን ስታውቁ ብቻ ነው። ያኔም ማግኔቱ ከተለያየ ቁጥሩ ብዙ አይነግራችሁም።

አየሩም አለ። አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ፒክአፕ ለክቼ አንዱን ለሸዋ ሮቢት ጓደኛዬ ላክሁለት። ጠዋት ነው የለካሁት፤ ቤቱ ውስጥ 10 ዲግሪ ቢሆን ነው። ልክ 8.0 አነበበ። በነጋታው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ የነገርከኝን አይደለም የላክኸው፤ ይኼ 8.6 ነው» አለኝ። ዕቃው ግን ያው ራሱ ነበር።

ምክንያቱ መዳቡ ነው። መዳብ ሲሞቅ በየአንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 0.4 በመቶ ገደማ ይበልጥ ይቃወማል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የብርድ ከተማ ናት። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ 30 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። የ20 ዲግሪ ልዩነት 8 ኪሎ ኦሙን ወደ 8.6 ያወጣዋል። ሰዎች በ7.8 እና በ8.3 መካከል ሲጨነቁ ሳይ ይህን እነግራቸዋለሁ። አንድ የአውቶቡስ ጉዞ ከዚያ የበለጠ ይቀይረዋል።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሠፈሩን ይነግራችኋል። 42 ቁጥር ሽቦ ሆኖ ከ7 እስከ 8.5 ከሆነ የድሮው ሠፈር ነው። 13 እና 16 ካለ ሌላ ዓላማ ያለው፣ አምፑን ለማስጮህ የተሠራ ነው። እርሱም ቦታ አለው፤ የእኛ ሰርግ ግን ቦታው አይደለም። ሁለተኛ፣ ጤንነቱን ይነግራችኋል። 8 ማንበብ ያለበት 4 ካነበበ ሁለቱ ጥቅሎች በስህተት ተለያይተዋል ወይም አንዱ ሞቷል። ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል።

ሁለት ፒክአፕ የምትገዙ ከሆነ የብሪጁ ከአንገቱ ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። በብሪጅ በኩል ክሩ ብዙ ስለማይወዛወዝ ድምፁ ይቀጥናል፤ ዙሩ ትንሽ ሲጨምር ይመጣጠናል። በአንገት 7.4፣ በብሪጅ 8.1 ዓይነት ጥንድ የተለመደ ነው።

4. ማግኔቱን በምትጫወቱት ቅኝት ምረጡ

አልኒኮ ብረት ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ጋር የተቀላቀለበት ማግኔት ነው። ለእኛ የሚጠቅሙት ልዩነቶች እነዚህ ናቸው። አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል፤ ቀጭኑ ክር አይወጋም፤ ወፍራሙም ልል ነው። አልኒኮ 5 ጠንከር ይላል፤ ወፍራሙ ክር ጥብቅ፣ ቀጭኑ ብሩህ ይሆናል። አልኒኮ 3 ከሁሉም ደከም ያለ ማግኔት ሲሆን ድምፁ ክፍት ነው። አልኒኮ 4 መሃል ላይ ይቀመጣል። ሲራሚክ የሚባለው የድሮው ቤተሰብ አይደለም።

ይህ ለሀገራችን ቅኝት ምን ማለት ነው? እኔ የምሞክረው በአንቺሆዬ ነው። አንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ ሁለት ጥንዶች አሉ። ከዶ ብትጀምሩ ዶ ከሬ ቤሞል፣ ፋ ከሶል ቤሞል። ማንኛውንም ጥንድ በሁለት ክር ላይ ያዙና ሁለቱንም ሳታፍኑ አንድ ላይ ልቀቁ። ጥሩው ፒክአፕ ሁለቱን ለየብቻ ያሰማችኋል፤ የሚጋጩበትን ማዕበል እንኳ ትሰሙታላችሁ። መጥፎው አንድ ጭቃ ያደርገዋል። ከሱቅ ፊት ቆማችሁ በሌላ ሰው ሮክ ከምትፈትኑት በዚህ በሁለት ደቂቃ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ትዝታ ላይ የሚፈለገው ሌላ ነው። ክሩን እየሳባችሁ የምታስለቅሱ ከሆነ፣ ድምፁ ሲነሣ የማይቆርጥና ቀስ ብሎ የሚሞት አልኒኮ 2 ይስማማል። እንደ ክራር በጥፍር እየመታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግን የምቱ ጫፍ መሰማት አለበት፤ አልኒኮ 5 ይሻላል። የእኔ ጊታር ወፍራምና ከባድ እንጨት ስላለው በአንገት አልኒኮ 5፣ በብሪጅ አልኒኮ 2 አድርጌበታለሁ። በአንገት በኩል መደፈን፣ በብሪጅ በኩል መውጋት ነበረበትና ሁለቱን ያስታርቅልኛል። ጊታራችሁ ራሱ ቀጭንና ብሩህ ከሆነ በሁለቱም ቦታ አልኒኮ 2 ሞክሩ።

ስም ለሚፈልግ፦ የጊብሰን 57 ክላሲክ አልኒኮ 2 ነው፤ ሁለቱ ጥቅሎቹም እኩል ናቸው። በርስትበከር የሚባለው ደግሞ ጥቅሎቹ ሆን ተብሎ እኩል ያልሆኑ ነው። ከሲሞር ዳንካን ኩባንያ ሴዝ ላቨር የሚባለው ፒክአፕ አልኒኮ 2፣ 59 የሚባለው አልኒኮ 5 ነው። እነዚህ ጥሩ መለኪያ ናቸው። ርካሽ ሌላ ብትገዙም ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ ጠይቁ።

5. ሰም የገባበት ወይስ ያልገባበት?

የድሮዎቹ በሰም አይነከሩም ነበር። ሽቦው ውስጥ ለውስጥ ትንሽ ስለሚርገበገብ ድምፁ ሕይወት አለው ይባላል፤ እኔም እሰማዋለሁ። ነገር ግን ስፒከር ከኋላችሁ ቆሞ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ የምትጫወቱ ከሆነ ያ ሕይወት ወደ ፉጨት ይለወጣል። ሰርግ የምትሠሩ ሰዎች ሰም የገባበትን ግዙ። ቤት፣ ስቱዲዮ ወይም በዝቅተኛ ድምፅ የምትጫወቱ ያልገባበትን ሞክሩ።

ያገለገለ ከሆነ ለመለየት ቀላል ነው። ጊታሩን አምፕ ላይ ሰክታችሁ ፒክአፑ ላይ ተጠግታችሁ ተናገሩ። ድምፃችሁ በስፒከሩ ከወጣ ሰም የለውም ወይም ሰሙ አልያዘም።

6. ልኩ መግባቱን አረጋግጡ

አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። ፒክአፑ በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ከመጀመሪያው ክር መሃል እስከ ስድስተኛው ክር መሃል ለኩ። ወደ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ መደበኛው ይገጥማል። 52 ወይም 53 ከሆነ ሰፊውን ጠይቁ። በተጨማሪ የጉድጓዱን ጥልቀት ለኩ፤ የድሮው ዓይነት ፒክአፕ የጎን እግሮቹ ረጅም ስለሆኑ ጥልቀት በሌለው ጊታር ወለሉን ይነካል። የብረት ክዳን ካለው ከናስ ያልተሠራ ይሁን። የናስ ክዳን ቀጭኑን ድምፅ ያደበዝዛል። የአሮጌውን ፒክአፕ ብሎኖችና ስፕሪንጎች አትጣሉ፤ ኋላ ሊያስፈልጓችሁ ይችላሉ።

7. ስትገዙ

እውነተኛ የ1950ዎቹ ፓፍ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በርካሽ «ኦሪጅናል ፓፍ» የሚል ሰው ቢመጣ ወረቀቱን ብቻ እያሳያችሁ ነው። ወረቀት ማተም ቀላል ነው።

ዕቃው ከውጭ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር በፎቶ ጠይቁ፤ ጀርባውን፣ ሽቦዎቹን፣ ቴስተር ላይ ያለውን ንባብ። ሽቦው ስንት እንደሆነ ተመልከቱ። የድሮው ዓይነት አንድ ሽቦ ሆኖ በላዩ የተሸመነ ብረት ለብሷል፤ ውስጡ ድምፁ ነው፣ ላዩ መሬት። አዲሱ ዓይነት አራት ቀለም ሽቦና አንድ ራቁት አለው። ባለ አራቱን እመርጣለሁ። ድምፁ ያው ነው፤ ስህተት ሲፈጠር ግን ማስተካከል ይቻላል። እያንዳንዱን ጥቅልም ለየብቻ መለካት ይቻላል።

8. መግጠም

ጊታሩን የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኙ፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አይጠፋም። ክሮቹን አውልቁ። ከመንቀላችሁ በፊት ያለውን አገጣጠም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሁለት ሦስት ፎቶ ይሁን። መብራት በመካከል ቢሄድ ነገ የምትቀጥሉት በዚያ ነው።

የቀለሙ ትርጉም በየኩባንያው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሲሞር ዳንካን ጥቁሩ ድምፁ ነው። ነጭና ቀዩ እርስ በርስ ተበይደው በፕላስተር ይሸፈናሉ። አረንጓዴና ራቁቱ ወደ መሬት ይሄዳሉ። በዲማርዚዮ ግን ቀዩ ድምፁ ነው። ጥቁርና ነጩ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አረንጓዴና ራቁቱ መሬት ናቸው። በሌላ ኩባንያ ላይ ሳትገምቱ በቴስተር ፈልጉ። እርስ በርስ 4 ኪሎ ኦም ገደማ የሚያነቡ ሁለት ሽቦዎች የአንድ ጥቅል ናቸው።

ከአሮጌው አንዱን አስቀርታችሁ አንዱን ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ከመበየዳችሁ በፊት አቅጣጫቸውን አነጻጽሩ። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ጫፍ ድምፁ ላይ፣ ጥቁሩን መሬቱ ላይ አያይዙ። የካቻቢቴውን ብረት ፒክአፑ ላይ አስጠግታችሁ በፍጥነት አንሡት። ቁጥሩ ለአፍታ ወይ ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። ሁለቱም ፒክአፕ ወደ አንድ ወገን መሄድ አለባቸው። ካልሄዱ ሁለቱን አንድ ላይ ስትከፍቱ ድምፁ ቀጭንና በአፍንጫ የሚናገር ይሆናል። በባለ አራቱ ሽቦ ድምፁንና አረንጓዴውን ብትለዋውጡ ይስተካከላል፤ ራቁቱ ግን መሬት ላይ ይቅር። በዲማርዚዮና በዳንካን መካከል ሲቀላቀል ይህን ፈተና ሁልጊዜ አድርጉ።

ብየዳው ላይ አንድ የእኛ ሀገር ጉዳይ አለ። ክረምት ላይ ቤታችን ይቀዘቅዛል። የፖቱ ጀርባ ወፍራም ብረት ስለሆነ ሙቀቱን ይጠጣል፤ መበየጃው ደካማ ከሆነ ነጥቡ ሳይቀልጥ ይቀርና ግራጫ፣ ሻካራ ይሆናል። እንዲህ ያለ ነጥብ ኋላ ይለቃል። 40 ዋት ወይም ከዚያ በላይ መበየጃ ተጠቀሙ። የፖቱን ጀርባ በአሸዋ ወረቀት ጠረግ አድርጉ። አስቀድማችሁ ብረቱን አሙቁ፤ ከዚያ የመበየጃውን ሽቦ ብረቱ ላይ አቅልጡ። ሲበርድ የሚያበራ ነጥብ ጥሩ ነው። ለቧንቧ የሚሆነውን የአሲድ ቅባት አትጠቀሙ፤ ቀስ በቀስ ሽቦውን ይበላዋል። መስኮቱንም ክፈቱ፤ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም።

እግረ መንገዳችሁን የቶን ካፓሲተሩን፣ ከቶን ቁልፉ ጋር የተበየደችውን ትንሽ ዕቃ፣ እዩ። 0.022 ማይክሮ ፋራድ ለሀምበከር የተለመደው ነው፤ ላዩ ላይ 223 ተብሎ ይጻፋል። 473 ከተጻፈበት 0.047 ነው፤ ቶኑን ስትቀንሱ ቶሎ ያጨልማል። 223 ከአሮጌ ሬዲዮ ወይም ቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ በአክብሮት ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጧችኋል።

ሰርግ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ጊታር ላይ የቶኑ ካፓሲተር የሚያያዘው በቮሉሙ መግቢያ እግር ላይ ነው። እርሱን ወደ መሃለኛው እግር፣ ወደ መውጫው አዙሩት። የ1950ዎቹ አገጣጠም ይህ ነው። ዘፋኙ ሲጀምር ቮሉማችሁን ዝቅ ስታደርጉ ድምፁ አይደበዝዝም። ደብረ ሲና ላይ ያስቸገረኝ ነገር ግማሹ በዚህ የተፈታ ነው። ምንም ወጪ የለውም።

ክዳኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ጊታሩን ሰክታችሁ እያንዳንዱን ፒክአፕ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። «ጧ» ካለ ሕያው ነው። ብሪጁን ስትነኩ እምምታው ካልቀነሰ ወደ ብሪጁ የሚሄደው የመሬት ሽቦ ተዘንግቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ መሬት ካነሣን፦ ሀምበከር ከኤሌክትሪክ አደጋ አያድናችሁም። ድንኳን ውስጥ ሚክሰሩ ከጀነሬተር፣ አምፑ ከጎረቤት ቤት ሲሰካ ማይክሮፎኑና ክራችሁ መካከል መብራት ሊኖር ይችላል። ከንፈር ላይ ይመታል፤ ከዚያም ሊከፋ ይችላል። ቴስተሩን ተለዋዋጭ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ማይክሮፎኑ ላይ፣ ሌላውን ክሩ ላይ አስነኩ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካነበበ ሁሉም ከአንድ ምንጭ እስኪሰካ ድረስ አትጫወቱ። ሙሽራው ይጠብቅ።

9. ቁመቱን ከሰው ጋር ሆናችሁ አስተካክሉ

በመጀመሪያው ደረጃ የነገርኳችሁ ልክ መነሻ ብቻ ነው። የመጨረሻውን ብቻችሁን አታድርጉት። ቤት ውስጥ ያማረ ቁመት ከመሲንቆ ጋር ሲሆን ይበዛል። እኔ የማደርገው ልምምድ ላይ ካቻቢቴዬን ኪሴ ይዤ ነው። መሲንቆው ትዝታ ይጀምራል፤ እኔ ከሥሩ እገባለሁ። የጭራው ሻካራ ድምፅ እስኪሰማኝ ድረስ የአንገቱን ፒክአፕ ዝቅ አደርጋለሁ። ከዚያ የብሪጁን አነሣዋለሁ፤ ማብሪያውን ስቀያይር የድምፁ መጠን ሳይዘል ቃናው ብቻ እስኪለወጥ። በመጨረሻ ፒክአፑ ላይ ካሉት ስድስት ብሎኖች ደካማ ክር ያለበትን በሩብ ዙር አወጣለሁ፤ የሚጮኸውን አስገባለሁ።

መሲንቆ ተጫዋቻችንን «አባባ፣ አሁንስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው መጫወታቸውን ቀጠሉ።

የወጣውን ፒክአፕ አትጣሉት። በላስቲክ ጠቅልሉት። የለካችሁትን ቁጥር፣ የለካችሁበትን ከተማና በቀኑ የነበረውን ሙቀት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የመጣው ከየትኛው ጊታር፣ ከየትኛው ቦታ እንደሆነም ጨምሩ። ያ የእኔ 16 ኪሎ ኦም አሁን መሐል ሜዳ በአንድ ወጣት ጊታር ላይ አለ። እርሱ ጠንካራ ሮክ ነው የሚጫወተው፤ ለእርሱ ልኩ ሆኗል።